እግር ያልተጻፈበት ሠንጠረዥ

አንድ ቁጥር የሚወድ ሰው ነበረ። ስሙ መርጌታ አስረስ ይባላል። በልጅነቱ ባሕረ ሐሳብ ሲማር ጣቶቹን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል ከመምህሩ ቀድሞ ይናገር ነበር። ጓደኞቹ የአንድ ዓመቱን ለማውጣት ሲያምጡ እሱ የአምሳ ዓመቱን ጨርሶ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ወሬው ቤተ መንግሥት ለመድረስ ብዙ አይቆይም። ጢሙ ሳይሸብት የንጉሡ ቀማሪ ሆነ።

እዚያ የደረሰው ግን ብቻውን አይደለም። ካሴ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። አባታቸው ሲሞት ለሁለቱ የቀረው አንድ ጥማድ በሬ ነው። ካሴ ታናሹን ጠራና “አንተ ተማር፤ እኔ ለሁለታችንም አርሳለሁ” አለው። ቃሉንም ጠበቀ። አስረስ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየዞረ በተማረባቸው አሥራ ስድስት ዓመታት፣ ካሴ በጥቁሩ የዋልካ ሜዳ ላይ የሁለት ሰው እርሻ አረሰ። አስረስም ይህን የሚረሳ ሰው አልነበረም። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ “እኔን ያስተማረኝ የወንድሜ ጉልበት ነው” ይል ነበር።

ታዲያ በዚያ አገር ሁለት ክረምት በላይ በላዩ ዝናብ ቀረ። የመጀመሪያውን ዓመት ሰው ያለውን እየቆጠበ ተሻገረው። በሁለተኛው ዓመት ጎተራ ተጠረገ፣ ዘር ተበላ፣ ሰው ሥራ ሥር መማስ ጀመረ። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕዝባቸው ሲያልቅ ዝም ብለው የሚያዩ አልነበሩም። አስረስን አስጠሩትና እንዲህ አሉት፦

“የበዓላትን ቀን ታወጣለህ። አሁን ደግሞ የሰውን ሆድ አውጣልኝ። ሕዝቤ እስከ መጪው ክረምት በሕይወት እንዲቆይ በትንሹ ምን ምን መብላት አለበት?”

“በጎተራዎ ካለው ነው፣ ጃንሆይ?”

“በጎተራዬ ካለው። የፈረሶቼን ገብስ ግን አትንካ። ድንበሬን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። እሱን አይነካም ብለህ ጻፍ።”

አስረስ “አይነካም” ብሎ ጻፈ። ቀለሙም ደረቀ።

ሥራውን ግን እንደ ዋዛ አልያዘውም። እውነቱን መናገር ይገባል፤ ከእሱ በፊት ለድሃ ሆድ ያን ያህል የተጨነቀ ባለሥልጣን በዚያ ቤተ መንግሥት አልታየም። ሰባት መንደር በእግሩ ዞረ። የሚያርስ ሰው ስንት እንደሚበላ፣ የምታጠባ እናት ስንት እንደሚያስፈልጋት፣ ጡት የጣለ ሕፃን በምን እንደሚያድግ ጠየቀ። ሕፃናትን በቅቤ ሚዛን እየሰቀለ መዘነ። የመንደር ልጆች ሲያዩት “የሰው ነጋዴ መጣ” እያሉ ይሸሹት ነበር። እሱ ግን ሳይቀየም ያገኘውን ሁሉ ጻፈ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ብራና ዘርግቶ ሠንጠረዥ ሠራ። በአንድ በኩል እህሉን ደረደረ፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ጓያ። በሌላ በኩል እያንዳንዱ እህል ለሰው የሚሰጠውን ጻፈ፤ ምን ያህል ኃይል ይሰጣል፣ ምን ያህል ሥጋ ይገነባል፣ ለደም ምን ይጠቅማል። ከግርጌ ደግሞ ከእያንዳንዱ በጎተራ ስንት እንደቀረ አሰፈረ። ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ጥበብ ነው። የአንዱን ቁና ከፍ ያደርጋል፣ የሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ማንም ከሚያስፈልገው በታች እንዳይወርድ እየጠበቀ፣ ወጪውን ግን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ከዚያ በታች መቀነስ የማይቻልበት ቦታ ላይ ደረሰ። ቁጥሩም “ጓያ” አለው። ከአምስት እጅ አራቱ ጓያ፣ የቀረው ጥቂት ማሽላና ጠብታ የኑግ ዘይት።

ጓያን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገረው። ዝናብ ሲበዛም ሲጠፋም የማይሞት ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሁሉ ሲከዳ እሱ ጥቁሩን አፈር ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ያፈራል። ሽሮው ይጣፍጣል፣ ቂጣው ሆድ ይይዛል፣ ርካሽ ነው። በክፉ ዘመን አልሞት ባይ ተጋዳይ የሚበላው እሱን ነው።

አስረስ ቀመሩን ሊያሳይ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወንድሙ መንደር ነው። ሰዎቹ ተሰብስበው ሰሙት። ሲጨርስ እማሆይ አንጓች የሚባሉ አሮጊት መነኩሴ ከመሐል ተነሡ። መርጌታውን ሲወለድ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው።

“ልጄ፣ ጓያ ልታበላን ነው?”

“አዎ፣ እማሆይ። ሌላው እህል አልቋል።”

“ጓያ ብቻውን ሲበላ ይሰብራል። እግር ይሰብራል።”

“ሰምቻለሁ። ከስንት ሰው ስንቱን ይሰብራል? በስንት ቁና? በስንት ቀን?”

“እኔ እንጃ። ጓያው በስንት ቁና እንደሚሰብር አልነገረኝም። ይልቅ ጌጡን ጠይቀው።”

ጌጡ ልጃቸው ነው። ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። በሁለት መዳፉ ላይ ቁራጭ ቆዳ አስሯል፤ የሚሄደው በእጁ ነውና። አስረስ አጠገቡ ተንበርክኮ ጠየቀው። ጌጡም ያለምንም ምሬት ነገረው። በአሮጌው ረኃብ ጊዜ ወጣት አራሽ ነበር። ሦስት ወር ጓያ በላ። አንድ ቀን ከማሳ ሲመለስ እግሩ ከበደው፤ በማግስቱ በጣቱ ጫፍ ብቻ መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ አንድ ምርኩዝ፣ ከዚያ ሁለት ምርኩዝ፣ ከዚያ እጁ።

“ግን ከሞት አትርፎሃል” አለው አስረስ።

“አትርፎኛል” አለ ጌጡ። “ያተረፈኝ እንዲህ አድርጎ ነው።”

እማሆይ ግን በዚህ አላበቁም። መርጌታውን እስከ በቅሎው ድረስ ሸኙትና መድኃኒቱንም ነገሩት። ጓያው ውሃ ውስጥ ይደር፤ ውሃው ይደፋ፤ ከዚያ ተቆልቶ፣ ሲፈጭ ግማሹ ገብስ ይሁንበት። በአሮጌው ረኃብ እንደዚያ ያደረገ ቤት አልተሰበረም። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” አሉት። “ሥሩን ነገርኩህ።”

አስረስ ይህንንም ጻፈ። ቤቱ ገብቶ ቆጠረው። ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ቀርቷል፤ ሁሉም ቤት ጓያ ዘፍዝፎ ውሃውን ከደፋ የሚጠጣ አይኖርም። ስለዚህ ውሃ እንዳይደፋ ማዘዝ ነበረበት። ገብስ ደግሞ በአገሩ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አሰላው። ከፈረሶቹ ገብስ ሲሶው ቢሰጠው ለሁሉም ይዳረስ ነበር።

ሲሶውን የጻፈባትን ትንሽ ብጣሽ ይዞ ወደ ንጉሡ እልፍኝ ሄደ። አጋፋሪው “ምን ጉዳይ አለዎት?” አለው። አስረስ ቆመ። ንጉሡ “አይነካም” ያሉበት ድምፅ በጆሮው ውስጥ አለ። አንድ ባለሥልጣን ባለፈው ወር ስለ ፈረሶቹ አንድ ቃል ተናግሮ ከሹመቱ ሲነሣ አይቷል። ከዚህም ሌላ በእጁ ያለው የአንዲት አሮጊት ወሬ ነው፤ ከመቶ ስንቱ እንደሚሰበር እንኳ አያውቅም። ቁጥር የሌለውን ነገር ምን ብሎ ያቀርበዋል?

“ጉዳይ የለኝም” አለና ተመለሰ። መንገድ ላይ ለራሱ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” አለ። ይህ ተረት ስንቱን ፈሪ አጽናንቶ ቤቱ እንዳስገባው እግዜር ይወቀው።

ቀመሩ ታወጀ። በየመንደሩ ጓያ በቁና መሰፈር ጀመረ። በካሴ መንደር ግን እናቶች አንቀበልም አሉ። ከጌጡ ጋር የኖሩ ናቸውና የሚፈሩትን ያውቃሉ። ያን ጊዜ ካሴ ከዋርካው ሥር ተነሥቶ ቆመ። ቁመቱ ረዥም፣ ድምፁ ወፍራም፣ በሬ የሚሰማው ሰው ነበር።

“ወንድሜን አውቀዋለሁ” አላቸው። “እህል ሲለካ አንድ ፍሬ አይስትም። የሱ እጅ የለካው አይገድልም። ፊት እኔ እበላለሁ።” በላም። ሰዎቹም ካሴን ያምኑት ነበርና በሉ።

ተቆጣጣሪዎች በየወሩ መንደር ለመንደር እየዞሩ መረጃ ይሰበስቡ ነበር። የያዙትን ቅጽ ያዘጋጀው አስረስ ነው። በመጀመሪያው ወር “በረኃብ የሞተ፦ የለም” የሚል መጣ። በሁለተኛውም የለም። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም የለም። ጎረቤት አገር በየመንገዱ ሬሳ ሲለቀም በዚህ አገር አንድ ሰው አልሞተም። ንጉሡ አለቀሱ፤ የደስታ ልቅሶ። ለአስረስ የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባ አለበሱት። የጎረቤት ነገሥታት መልእክተኞች መጥተው ሠንጠረዡን በብራና ገልብጠው ሄዱ። አስረስ በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም። የጌጡ ነገር ትዝ ሲለው የወሩን ቅጽ አውጥቶ ያነባል፤ “የለም” የሚለውን ሲያይ ልቡ ይረጋጋል።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ሰው የናፈቀው ዝናብ፣ ከጠዋት ጀምሮ የማያባራ፣ ወንዙን የሞላ። ከደጋው መንደር ሁሉ የዘር ጥያቄ ጎረፈ። ከጥቁሩ የዋልካ ሜዳ ግን አንድም ሰው ዘር የጠየቀ የለም። ሳምንት ተጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ተጠበቀ። ንጉሡ ተቆጡ። “ጠግበው ሰነፉ እንዴ? ሂድና እየው” አሉት።

አስረስ በበቅሎ ወረደ። ሜዳው ለምለም ነው፤ ግን ሣርና አረም ብቻ ነው። በሰኔ በዚያ አገር የጅራፍ ጩኸትና የአራሽ ድምፅ ከጫፍ ጫፍ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ጸጥ ብሏል። በሬዎቹ የጓያ ገለባ በልተው ወፍረው ቆመዋል። መንደሩ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ወይራዎቹን ነው። ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ የነበረው ሁሉ ተቆርጧል፤ ለምን እንደተቆረጠ ሊገባው አልቻለም። ቀጥሎ ሰዎቹን አየ። በየአጥሩ ሥር፣ በየደጃፉ ወንዶች ተቀምጠዋል። ምርኩዞቹ አጠገባቸው ናቸው። በእግሩ ቆሞ ሰላም ያለው ሴትና ሕፃን ብቻ ነው፤ ከሴቶቹም አንዳንዶቹ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ነው የመጡት።

ካሴ ደጃፉ ላይ ነበር። እጆቹ ላይ ቆዳ አስሯል።

አስረስ ከበቅሎው የወረደበትን ጊዜ አያስታውሰውም። ራሱን ያገኘው ወንድሙ ጉልበት ላይ ተደፍቶ ነው። ጉልበቱ ግትር ነበር። ካሴ ራሱን ዳሰሰውና “ተነሥ፣ ካባህ ጭቃ ነካው” አለው።

“አያ፣ ለምን አልላክህብኝም?”

“ልኬ ነበር። ያ ተቆጣጣሪህ በየወሩ ይመጣ የለም? ‘የሞተ አለ?’ ይለናል። ‘የለም’ እንለዋለን። በሦስተኛው ወር ‘እግራችን ግን እየከዳን ነው፣ ይህን ለመርጌታ ጻፍለት’ አልኩት። ‘አያ ካሴ፣ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለውም’ አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ቦታ የለውም።”

“እግርህ ሲከዳህ ለምን መብላቱን አልተውክም?”

“ትቼ ምን ልብላ? ሌላ የሰጠኸን ነገር አለ? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እማሆይ ነግረውን ነበር። የሱ እጅ የለካው አይገድልም ብዬ ሰውን ያስበላሁት እኔ ነኝ። አልገደለም፤ ያልኩት ልክ ነው። አሁን እነዚህ ሁሉ ደጃፌን እያዩ ይውላሉ። አንድም ሰው አልወቀሰኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።”

በመንደሩ አርባ ሦስት አራሽ ነበረ። ሰላሳ አንዱ ተቀምጧል። የቀሩትም ከአንድ ምርኩዝ ወደ ሁለት እየሄዱ ነው። አስረስ ካባውን አውልቆ በሬ ጠመደ። ካሴ በእጁ እየዳኸ ከማሳው ዳር ደርሶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሆኖ በሬዎቹን በስማቸው ይጠራል፣ ወንድሙን “እርፉን ተጫነው! ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው!” ይለዋል። ትልሙ ተጣመመ፤ በሬዎቹ ግራ ገባቸው። እኩለ ቀን ሲሆን የአስረስ መዳፍ ተልጦ ነበር። ያረሰው ማሳ ለአንድ ቤተሰብ የወር ቀለብ እንኳ አይሆንም። ካሴ መጀመሪያ ሳቀበት፤ የልጅነታቸው ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ሳይታወቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አሥራ ስድስት ዓመት ለሁለት ሲያርስ አልቅሶ የማያውቅ ሰው አለቀሰ።

አስረስ ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሶ ሠንጠረዡን አወጣው። “እግር” የሚል አዲስ ረድፍ ጨመረበት። ማንም ሰው እግሩን እስኪያጣ ድረስ ጓያ እንዳይበላ አድርጎ እንደገና ቀመረ። ሦስት ቀን ቆጠረ። ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ፊት ቀረበ። በዚህ ጊዜ በር ላይ አልቆመም።

“ጃንሆይ፣ ሒሳቡ መልስ የለውም።”

“አምና ነበረው።”

“አምና የሰው እግር አልተጻፈበትም ነበር።”

“እንግዲያው ሰርዘው።”

“ጃንሆይ፣ አሁን ዘንቧል፤ ጓያው ይዘፈዘፋል። ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከፈረሶቹ ገብስ ሲሶውን ቢፈቅዱልኝ መልስ አለው። ጉዳቱ የደረሰበት አይድንም፤ ገና ያልተሰበረው ግን ይተርፋል። አምናም ልለምንዎ መጥቼ ፈርቼ ነው የተመለስኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጣቱም ለእኔ ይሁን።”

ንጉሡ ግን አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ምናልባት ተስፋ ይኖር ነበር። ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉት። “ቁጭ ያለ ሰው ከሚያርስ ሰው ያነሰ ይበላል፣ አይደል?”

አስረስ መልሱን ያውቀዋል። ራሱ መዝኖ፣ ራሱ የጻፈው ነው። ውሸት መናገር ደግሞ አልተማረም።

“ያነሰ ይበላል፣ ጃንሆይ።”

“በስንት?”

“በሲሶ ያህል።”

“እሰይ! የጎደለብህ ሲሶ ይኸው ተገኘ። ካምናው ያነሰ ጓያ ይበቃቸዋል ማለት ነው። ደግሞ ጓያ ብዙ እርሻ አይፈልግም ይባላል፤ ጭቃው ላይ በእጅ ተበትኖም ይበቅላል። ተቀምጠውም ይዘሩታል። እግር የሚለውን ሰርዝና መልስ ያለውን አምጣልኝ።”

ባለሟሎቹ “ንጉሣችን ቀማሪውን በቀመር በለጡት” እያሉ አደነቁ። እውነትም በልጠውታል። በንጉሡ ቃል ውስጥ አንድ የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም።

አስረስ እምቢ ለማለት አስቦ ነበር። እምቢ ቢል ግን ጎተራው ይዘጋል፤ ጎተራው ከተዘጋ ካሴ በወር ውስጥ ይሞታል። እሺ ቢል ካሴ ይኖራል፤ ዛሬ በአንድ ምርኩዝ የቆመው የካሴ ጎረቤት በሚመጣው ዓመት በእጁ ይሄዳል። ከሁለቱ የሚሻለውን ለማወቅ የሚያስችል ሒሳብ ፈለገ። በተማረው ሁሉ ውስጥ አጣው። ብዕሩን አነሣና ጻፈ። ከአምስት እጅ አራቱ ጓያ።

በዚያ መልካም ዝናብ በዘነበበት ክረምት የዋልካ ሜዳ ሰዎች በጭቃው ላይ በእጃቸው እየዳኹ ጓያ ዘሩ። ካሴም ዘራ። የጓያው ሰብል አማረ።

አስረስ ከንጉሡ አንዲት ነገር ብቻ ለመነ፤ በተቆጣጣሪዎቹ ቅጽ ላይ “መቆም ያቃተው፦ ስንት?” የሚል መስመር እንዲጨመር። ንጉሡ ወዲያው ፈቀዱለት፤ ገብስ የሚያስወጣ ጥያቄ አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ቁጥሩ በችሎት ይነበባል። በመጀመሪያው ወር ሁለት መቶ ስድስት። በሁለተኛው ሁለት መቶ ሰማንያ። በሦስተኛው አራት መቶ አለፈ። ሲነበብ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ አንዳንዱም ከልቡ ያዝናል። ከተነበበ በኋላ ቅጹ ተጠቅልሎ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ሕዝቡም ጓያውን ይበላል።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ “ቀማሪው ቀድሞ እግርን ቆጥሮ ቢሆን ኖሮ” ይላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን ቆጠረው እኮ! በመጨረሻ ሁሉም ተቆጥሮ፣ ሁሉም ታውቆ፣ ሁሉም ተነብቦ ነው ሰው የተሰበረው። መከራው ከቁጥሩ ማነስ ቢመጣ ኖሮ ቁጥሩ ሲሟላ ይቆም ነበር።

ትምህርቱ ይህ ነው። ድሃ በትንሹ ስንት እንደሚበቃው የሚሰላበት ቤት ውስጥ፣ ከስሌቱ በፊት “ይህ አይነካም” የተባለ ነገር አለ። እሱ ሳይጠየቅ የሚገኘው መልስ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን፣ ደካማው ከአካሉ እየቆረሰ የሚከፍለው መልስ ነው። ቀማሪውም ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን የሚፈራው ሰው ደጃፍ ሲደርስ አለቀ። መጠየቅ ከባድ የነበረው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በመጨረሻው ቀን ቀሎት ጠየቀ፣ ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ሊያድነው የሚችለው እግር ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር።

እናንተስ፣ በምትሠሩበት ቤት “አይነካም” የተባለው ነገር የማን ነው? መጀመሪያ ስትሰሙት ጠየቃችሁ ወይስ ጻፋችሁት?